አይስላንድ በሸንጎ ክርስቲያን የሆነችበት ፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቫይኪንጎች ሲወራ መጥረቢያና መርከብ ይበዛል። እኔን ግን ሁሌም የሚገርመኝ በ1000 ገደማ አይስላንድ ላይ የሆነው ነው። አገር ሙሉ ሃይማኖቱን የቀየረው በአንድ ሰው ፍርድ ነው፤ ፈራጁም ክርስቲያን አልነበረም። ከታች ያሉት ስለ ጉዳዩ ፖለቲካ በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ነገረ መለኮቱ ውስጥ አልገባም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ምን ተፈጠረ?

በ999 ወይም በ1000 ሰኔ ወር ላይ (ዓመቱ ራሱ ያከራክራል፣ ታች እመጣበታለሁ) የአይስላንድ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ለዓመታዊው ሸንጎ ተሰበሰቡ። ክርስቲያኑና የድሮዎቹን አማልክት የሚያመልከው ወገን ሊዋጋ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ለአንድ ሽማግሌ ሰጡና የተናገርከውን እንቀበላለን አሉ። ሽማግሌው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዝም ብሎ ተኛ። በማግስቱ ተነስቶ ሁሉም ሰው ይጠመቅ ብሎ ፈረደ። ሕዝቡም ተጠመቀ። ደም አልፈሰሰም።

ንጉሥ ካልነበረ ማን ነበር የሚያስተዳድረው?

ይህን ጥያቄ ጠንከር አድርጌ እመልሰዋለሁ። ያለዚህ ቀሪው ታሪክ አይገባም።

አይስላንድ ላይ ሰው መስፈር የጀመረው በ870ዎቹ አካባቢ ነው። አብዛኛው ከኖርዌይ ነው የመጣው። ከአየርላንድና ከብሪታንያ ደሴቶች የመጣም ነበር፤ ከነሱ ውስጥ ቀድሞውኑ የተጠመቀ አልጠፋም። በ930 አልቲንግ የሚባል አገር አቀፍ ሸንጎ አቋቋሙ። የሚሰበሰቡበት ሜዳ ቲንግቬሊር ይባላል። ከዛሬዋ ሬይክያቪክ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ንጉሥ የለም። ጦር የለም። ፖሊስ የለም። ያሉት ጎዲ የሚባሉ ባላባቶች ናቸው። መጀመሪያ 36 ነበሩ፤ በ965 አካባቢ በተደረገ ማሻሻያ 39 ሆኑ። ጎዲነት እንደ ንብረት ነው። ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ሁለት ሰው በጋራ ሊይዘውም ይችላል። ጭሰኛና ጌታ ግን አይደሉም። ገበሬው የወደደውን ጎዲ ነው የሚከተለው፤ ካልተመቸው ትቶት ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። ስለዚህ ጎዲ ሆኖ ተከታይን ማስቀየም ያከስራል። የመሥዋዕቱን ድግስ የሚመራውም ይኸው ጎዲ ነው። የእምነትና የፖለቲካ ሥልጣን አንድ ሰው እጅ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሸንጎው በዓመት አንዴ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ሕግ የሚያወጣ ጉባኤ አለው። ችሎቶችም አሉት። ፍርዱን የሚያስፈጽም መንግሥት ግን የለም። የተፈረደለት ሰው ዘመድ ወዳጁን አሰልፎ ራሱ ያስፈጽማል። እኛ ዘንድ "በሕግ አምላክ!" ሲባል ሯጩ ቀጥ ብሎ ይቆም እንደነበረው ሁሉ፣ እዚያም ሰው የሚገታው ሕጉ የሁላችንም ነው በሚለው ስምምነት ብቻ ነበር።

ሕጉ ደግሞ አልተጻፈም። መጻፍ የጀመረው ከ1117 እስከ 1118 ባለው የክረምት ወቅት ነው። ከዚያ በፊት በቃል ነበር የሚያዘው። ሕግ ተናጋሪ የሚባል ሹም ለሦስት ዓመት ይመረጣል። በየዓመቱ የሕግ አለት በሚሉት ከፍታ ላይ ቆሞ የሕጉን ሲሶ ለሕዝቡ ይናገራል። በሦስት ዓመት ሕጉን ሙሉ ይጨርሰዋል። የአገሪቱ ብቸኛ ባለደሞዝ ሹም እሱ ነው። በሀብት ከሱ የሚበልጡ ብዙዎች ነበሩ። ሕጉ ምን ይላል ተብሎ ሲጠየቅ ግን የመጨረሻው ቃል የሱ ነው።

ታዲያ የኖርዌይ ንጉሥ ምን አገባው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕግ ምንም አያገባውም ነበር።

ኦላፍ ትሪግቫሶን በ995 ነገሠ። የነገሠው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በከንቱ አላሳለፈውም። ኖርዌይ ውስጥ እየዞረ ባላባቱን በስጦታም በሰይፍም አስጠመቀ። እምነት ነበረው ወይስ ስሌት? ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀሩም። ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። የየአካባቢው ባላባት መሥዋዕቱን ራሱ እየመራ እስከኖረ ድረስ ከንጉሡ ምንም አይፈልግም። ቄሱና ጳጳሱ ከንጉሡ ጋር የመጡ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

አይስላንድ ላይ ሠራዊት መላክ አልቻለም። ሌላ መያዣ ነበረው። አይስላንድ ላይ ለመርከብ የሚሆን ደህና እንጨት አይበቅልም። ዘመዶቻቸው ኖርዌይ ናቸው፣ ገበያቸውም እዚያው ነው። የትልልቅ ባላባቶች ልጆች ንግድም ዝናም ፍለጋ ኒዳሮስ፣ የዛሬዋ ትሮንድሄይም፣ ይመላለሱ ነበር። ኦላፍ እነዚህን ያዘ። የመጀመሪያው የአይስላንድ ታሪክ ጸሐፊ አሪ ቶርጊልሶን እንደሚለው፣ ንጉሡ አገሩ ላይ የነበሩትን አይስላንዳውያን ሊገድላቸው ወይም አካላቸውን ሊያጎድል ቆርጦ ነበር። በኋላ የተጻፉት ሳጋዎች (የአይስላንድ የድሮ ታሪክ ትረካዎች) አራቱን በስም ይጠሯቸዋል፤ ከአገሪቱ አራት አውራጃዎች አንድ አንድ። አንዱ የሩኖልፍ ጎዲ ልጅ ስቬርቲንግ ነው። ሩኖልፍን ያዙልኝ፣ ሁለቴ ይመለሳል።

ታንግብራንድ የሚባለው ሚስዮናዊ ሰው ገድሏል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ አሪ ራሱ ጽፎታል። ንጉሡ የላከው ይህ ቄስ አይስላንድ ላይ አንድ ወይም ሁለት ክረምት ቆይቶ ሲመለስ፣ በስድብ ግጥም ያዋረዱትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ገድሎ ነበር። አሪ ቁጥሩን ሊያሳምረው አልሞከረም። ይህ ደስ ይለኛል።

ግን ውጤት አላመጣም ማለት አይደለም። የምሥራቁን ታላቅ ባላባት የሲዳውን ሃልን አጥምቋል። ነጩ ጊሱርና አማቹ ሂያልቲ ስኬግያሶንም በሱ ጊዜ ክርስቲያን ሆኑ። ጊሱር ልጁን ለሂያልቲ ድሮለታል፤ ሁለቱ አብረው የሚሠሩት በእምነት ብቻ አልነበረም። ታንግብራንድ ወደ ንጉሡ ሲመለስ አገሩ ተስፋ የለውም ብሎ ሪፖርት አደረገ። ኦላፍ አይስላንዳውያኑን የያዘው በዚህ ተናዶ ነው።

ሳጋዎቹ ስለ ታንግብራንድ አንድ ጥሩ ወሬ ይነግሩናል። ስቴይኑን የምትባል ገጣሚ ተከራከረችው። ከድሮዎቹ አማልክት አንዱ የሆነው ቶር ክርስቶስን ለፍልሚያ ጠርቶት ክርስቶስ እንዳልደፈረ ሰምተሃል ወይ አለችው። ቀጥላም መርከብህን የሰበረው ቶር ነው ብላ ገጠመችበት። ክርክሩ እንዲህ ነበር፤ የማን አምላክ ይበረታል ነው ጉዳዩ።

ሂያልቲ በአንድ ግጥም ነው ከአገር የተባረረው?

በሁለት ስንኝ። ከወሳኙ ሸንጎ በፊት በነበረው ዓመት ሕግ አለቱ ላይ ቆሞ ፍሬያ የተባለችውን አምላክ ሴት ውሻ ብሎ ገጠመ። ተከሰሰ፤ ከሳሹ ሩኖልፍ ጎዲ ነው። የሦስት ዓመት ስደት ተፈረደበት። ሂያልቲ ወደ ኖርዌይ ሄደ፣ አማቱ ጊሱርም አብሮት።

እዚያ ሲደርሱ ንጉሡ ወገኖቻቸውን ይዞ ቁጣው ነድዶ አገኙት። እኛ ሄደን እንሞክር፣ ሰዎቹን አትንካ ብለው ቃል ገቡለት። አስቡት፤ ሩኖልፍ ያሳደደው ሰው የሩኖልፍን ልጅ ሕይወት በእጁ ይዞ ሊመለስ ነው።

በሸንጎው ዕለት በትክክል ምን ሆነ?

ጊሱርና ሂያልቲ ከደቡብ ጠረፍ ባሉት በቬስትማን ደሴቶች በኩል ገቡ። ሸንጎው ሊጀመር ሲል ነው የደረሱት። ሂያልቲ የተፈረደበት ሰው ስለሆነ ሸንጎ መግባት አይችልም። መጀመሪያ ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር መንገድ ላይ ቀረ። ጊሱርና ሌሎቹ ወደ ሜዳው ሲቃረቡ ግን ተቃዋሚዎቹ በመሣሪያ ሊያግዷቸው ነው የሚል ወሬ ሰሙ። ደጋፊዎቻቸውን ወደ ሐይቁ ዳር አስጠሩ። ሂያልቲም ፍርዱን ጥሶ መጣና ተቀላቀለ። በአንድነት ፈረሳቸውን እየጋለቡ ገቡ። አረማውያኑም ታጥቀው ጠበቋቸው። አሪ ለጥቂት ነው ሳይዋጉ የቀሩት ይላል።

በማግስቱ ሁለቱ ሰዎች ሕግ አለቱ ላይ ወጥተው መልእክታቸውን ተናገሩ። አነጋገራቸው ያማረ እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለኔ የታሪኩ እምብርት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ምስክር እየጠሩ፣ ከእንግዲህ ከእነዚህ ጋር አንድ ሕግ የለኝም ማለት ጀመሩ። ክርስቲያኑ ከአረማዊው፣ አረማዊውም ከክርስቲያኑ። ይህን ብለው ከአለቱ ወረዱ።

ይህ እንዴት ያለ አደጋ እንደሆነ ልብ በሉ። ያችን አገር አገር ያደረጋት ሌላ ነገር አልነበረም። ሕጉ ሁለት ከሆነ አገሩ ሁለት ነው። የኔን በግ ጎረቤቴ ቢሰርቀው የምከሰው የትኛው ችሎት ነው? ወንድሜን የገደለው ሰው በኔ ሕግ ጥፋተኛ፣ በሱ ሕግ ንጹሕ ቢሆንስ? ያኔ የሚቀረው መገዳደል ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በዚያው ቀን የሚመጣ እንጂ ወደፊት የሚፈራ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም መሣሪያ ይዞ ነው እዚያ የቆመው።

ክርስቲያኖቹ የሲዳውን ሃልን የኛን ሕግ አንተ ተናገርልን አሉት። የራሳቸው ሕግ ተናጋሪ ሊሆን ነው። ሃል ግን እምቢ አለ። ይልቁንም ወደ ቶርጌይር ሄደ።

ቶርጌይር ማን ነው? ክርስቲያኖቹ ለምን አረማዊ መረጡ?

ቶርጌይር ቶርኬልሶን የሰሜን ሰው ነው፣ እሱም ጎዲ ነው። ከ985 ጀምሮ ሕግ ተናጋሪ ነበር። አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሕጉን ሲሰሙ የኖሩት ከሱ አፍ ነው።

ሃል ያደረገው በኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ ብልህ ሥራ ነው። ሃል ራሱ ቢናገር ግማሹ ሕዝብ አይሰማውም። ቶርጌይር ክርስትና ሕግ ይሁን ቢል ግን አረማዊው ምን ይላል? የራሱ ሰው ነው የፈረደው። ቶርጌይርስ በተቃራኒው ቢፈርድስ? ሃል ያን አደጋ ወስዷል፤ ወይም አስቀድሞ ተነጋግረው ጨርሰውታል።

ጉቦ በልቷል ይባላል። እውነት ነው?

ገንዘብ የተከፈለው ይመስላል። አሪ ሃል ከቶርጌይር ጋር ተዋውሎ እንደሆነ ይጠቁማል። በኋላ የተጻፉት ሳጋዎች የብሩን መጠን ሳይቀር ይናገራሉ፤ አንዱ ሦስት ማርክ ብር (ማርክ የክብደት መለኪያ ነው) ይላል።

ጉቦ ነው ለማለት ግን እቸገራለሁ። ጉቦ ተደብቆ ነው የሚሰጠው፤ ይህን ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የአሸናፊው ወገን ሰዎች ራሳቸው ሳያፍሩ ያወሩታል። ቶርጌይር ደግሞ ሕጉን ጥለናል ላሉ ሰዎች አዲስ ሕግ እንዲናገር ነበር የተጠየቀው። ያ ከመደበኛ ሥራው ውጭ ነው። የአገልግሎት ዋጋ ነው ብሎ ማየት ይቻላል። አንዳንዶች ደግሞ አረማዊውም ወገን ያመነበት ሰው ስለሆነ ብሩ ባይኖርም ውጤቱ ያው ነበር ይላሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ካባ ተከናንቦ የተኛውስ? ምን እያደረገ ነበር?

ወደ ዳሱ ገባ፣ ተጋደመ፣ ካባውን ተከናነበ። ያን ቀን ሙሉና የሚቀጥለውን ሌሊት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የተጻፈው ይኸው ነው።

ሁለት ዓይነት ማብራሪያ አለ። አንደኛው የድሮው እምነት ሥርዓት ነው ይላል፤ ተከናንቦ መተኛት ከመናፍስት መልስ የሚጠበቅበት መንገድ ነበር። እውነት ከሆነ የክርስትናው ፍርድ የወጣው በአረማዊ ሥርዓት ነው፤ ይህም ለአረማዊው ጆሮ ክብደት ይሰጠዋል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። ሰውዬው አሰበ። ጊዜም ገዛ። ሰይፍ መዝዞ የመጣ ሕዝብ አንድ ሌሊት አድሮበት ሲነሳ እንደ ትናንትናው አይሞቅም። ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ፍርዱ ምን አለ?

ጠዋት ሰዉን ሁሉ ወደ ሕግ አለቱ አስጠራ። በቅድሚያ የተናገረው ስለ ሃይማኖት አልነበረም። በዚህች አገር ሁሉም በአንድ ሕግ ካልኖረ ነገራችን ይበላሻል አለ። የኖርዌይና የዴንማርክ ነገሥታት ሲዋጉ ኖረው፣ እነሱ ባይፈልጉም ሕዝቡ እንዳስታረቃቸው ምሳሌ አነሳ። እኛም መሃል ላይ እንገናኝ፣ እያንዳንዱ ወገን የሆነ ነገር ያግኝ፣ ሕጋችንም ልማዳችንም አንድ ይሁን አለ። ሕጉን ከቀደድን ሰላሙንም እንቀድዳለን ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የምናገረውን ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ ሁለቱንም ወገን አስማማ። ፍርዱን የነገራቸው እሺ ካሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሏን ልብ በሉልኝ።

ፍርዱም፣ ሁሉም ሰው ክርስቲያን ይሁን፣ ያልተጠመቀ ይጠመቅ የሚል ነበር። ግን ሦስት ነገሮችን ተወ። የተወለደ ሕፃንን ሜዳ ላይ መጣል እንደ ድሮው ይፈቀድ። የፈረስ ሥጋ መብላትም ይፈቀድ። መሥዋዕት ደግሞ በድብቅ ከሆነ ይፈቀድ፤ ምስክር ከተገኘ ግን የሦስት ዓመት ስደት።

ለምን እነዚህ ሦስቱ?

ሕፃን መጣል የሚዘገንን ነገር ነው። የድሃ ቤት የረሃብ ልማድ ነበር፤ አፉን የሚመግብበት ያጣ ቤተሰብ ነው የሚያደርገው። የፈረስ ሥጋም በድሃ ማዕድ ላይ ነው የሚገኘው፤ ከመሥዋዕቱ ድግስ ጋር ስለተያያዘ ግን ቤተ ክርስቲያን ትጸየፈዋለች። ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሦስተኛ ገና በ730ዎቹ ጀርመን ላለው ሚስዮናዊ ለቦኒፋስ ይህን እንዲያስቀር ጽፈውለት ነበር። ሁለቱም የሆድ ጉዳይ ናቸው ማለት ነው። ቶርጌይር የገበሬውን ጓዳ አልነካም።

ሦስተኛው ግን ንጹሕ ፖለቲካ ነው። የግል እምነትህ ውስጥ አልገባም፣ አደባባዩ ግን አንድ ይሁን ነው የሚለው። ምስክር ካላየህ ጥፋት የለም። ለሽግግር ጊዜ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የተወ ሕግ ብዙ አላውቅም። እንደ አሪ አባባል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሦስቱም ፈቃዶች ተሰርዘዋል።

አረማውያኑ ለምን ዝም አሉ? ብዙዎቹ እነሱ አልነበሩም?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። አንድ መልስ የለውም።

ልጆቻቸው ኒዳሮስ ተይዘዋል። ይህ ብቻውን የሩኖልፍን ዓይነት ሰው አፉን ያዘጋዋል። ክርስቲያኖቹ በቁጥር ቢያንሱም በደቡብና በምሥራቅ ያሉ ትልልቅ ቤቶች ከነሱ ጋር ነበሩ፤ በቀላሉ አይጨፈለቁም። ፍርዱን ከመስማታቸው በፊት እንቀበላለን ብለዋል፤ ያን ቃል ማጠፍ ነውር ነው። የድሮው እምነት ደግሞ ቀኖና የለውም፣ ካህናት የሉትም። የሚመሩት ጎዲዎች ናቸው፤ ጎዲዎቹ ሲስማሙ ተከላካይ አጣ። አንድ አምላክ ቢጨመር ቶር ይቀየመኛል ብሎ የሚሰጋም ብዙ አልነበረም።

ሁሉም በደስታ ተቀበለ ማለት አይደለም። አንድ በኋላ የተጻፈ ሳጋ እንደሚለው አረማውያኑ ክርስትናው እንዳይገባ ከየአውራጃው ሁለት ሁለት ሰው ለአማልክቱ ሊሠዉ ተማክረው ነበር። ክርክሩ ላይ እያሉም አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ ቀልጦ የሚፈሰው ድንጋይ የአንድ ጎዲ ቤት ላይ ሊደርስ ነው አለ። አረማውያኑ አማልክቱ ቢቆጡ ምን ይገርማል አሉ። ስኖሪ ጎዲ መለሰ፦ አሁን የቆምንበት ድንጋይ ሲነድ የነበረ ጊዜ አማልክቱ በምን ተቆጥተው ነበር? ቲንግቬሊር ሜዳው በሙሉ የቀዘቀዘ ገሞራ ነው። ወሬው በኋላ ያማረ ሊሆን ይችላል። መልሱ ግን መልስ ነው።

ሙቅ ውሃ ካልሆነ አንጠመቅም አሉ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ሳጋው የሰሜንና የደቡብ ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንገባም ብለው፣ በመንገዳቸው ላይ ባለ ፍል ውሃ ላውጋርቫትን አካባቢ ተጠመቁ ይላል። ምዕራቦቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በሌላ ፍል ውሃ ተጠመቁ። ፍል ውሃ በሞላበት አገር ማን ይበርደዋል?

ሩኖልፍም ተጠመቀ። በጥምቀት ጊዜ ጨው መቅመስ የሥርዓቱ ክፍል ነበር። አጠገቡ የቆመው ሂያልቲ፣ ያ እሱ ያሳደደው ሰው፣ ሽማግሌውን ጎዲ ጨው መላስ እያስተማርነው ነው አለ ይባላል። ቂሙን በዚህ ተወጣ።

ዓመቱ 999 ነው 1000?

አሪ ኦላፍ በሞተበት በጋ ነው፣ ክርስቶስ ከተወለደ 1000 ዓመት ሲሆነው ይላል። ኦላፍ የሞተው ስቮልደር በተባለው የባሕር ውጊያ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ግን አሪ ዓመቱን የሚጀምረው ከመስከረም ስለሆነ፣ በሱ 1000 ላይ ያለው፣ ኦላፍ የሞተበት መስከረም በዛሬው አቆጣጠር 999 ነው፤ የዚያው በጋ ሰኔም 999 ነው ይላሉ። አይስላንድ በዓሉን በ2000 አክብራለች። ለፖለቲካው ለውጥ የለውም።

ይህን ሁሉ ማን ጻፈው? ይታመናል?

አሪ የጻፈው ከ1122 እስከ 1133 ባለው ጊዜ ነው፤ ከድርጊቱ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ። የነገረው ቴይት የሚባል ሰው ነው። ቴይት የጳጳስ ኢስሌይፍ ልጅ ነው። ኢስሌይፍ ደግሞ የነጩ ጊሱር ልጅ ነው። አያችሁ? የምናነበው የአሸናፊውን ቤተሰብ ትርክት ነው። አሪ መጽሐፉን ለሁለት ጳጳሳት አሳይቶ ነው ያወጣው።

ቢሆንም አሪን አልጥለውም። ያሳደገው ሃል ቶራሪንሶን የተባለ ሽማግሌ በሦስት ዓመቱ በታንግብራንድ እጅ መጠመቁን ያስታውስ ነበር። ያን ያህል ቅርብ ነው። የሚጠረጠረው ያለው ሳይሆን የተወው ነው። ያን ሌሊት ከዳስ ወደ ዳስ ማን ሄደ፣ ማን ለማን ምን ቃል ገባ፣ አልጻፈልንም። ስምምነቱ የተበሰለው እዚያ ይመስለኛል።

ጎዲዎቹ ሥልጣናቸውን አጡ?

እንዲያውም። መሥዋዕት ሲመሩ የነበሩት ሰዎች በየግቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የባለቤቱ ንብረት ነው፣ ቄሱም ብዙ ጊዜ ተቀጣሪው ነው። አንዳንዱ ጎዲ ራሱ ቅስና ተቀበለ። ይህን የኒዳሮስ ሊቀ ጳጳስ የከለከለው በ1190 ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር።

የጊሱር ልጅ ኢስሌይፍ ጀርመን ተምሮ በ1056 የመጀመሪያው አይስላንዳዊ ጳጳስ ሆነ። መንበሩ የቤተሰቡ ርስት ስካልሆልት ነው። ከሱ ቀጥሎ ልጁ ጊሱር ተተካ። በ1097 ገደማ አሥራት በሕግ ታወጀ። በሀብት ላይ በዓመት አንድ በመቶ ያህል ነው፤ አይስላንድ ያወቀችው የመጀመሪያ ጠቅላላ ግብር ይኸው ነው። ለአራት ይከፈላል፦ ለጳጳሱ፣ ለቄሱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለድሆች። የቄሱና የቤተ ክርስቲያኑ ድርሻ ግን የሚገባው ለቤተ ክርስቲያኑ ባለቤት ነው። ግማሹ ማለት ነው። ባላባቶቹ ግብሩን ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ለምን እንዳሳለፉት ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዴንማርክና ኖርዌይ ላይስ እንዲህ ነበር?

አይ፤ እዚያ ከላይ ወደ ታች ነው። የዴንማርኩ ሃራልድ ብሉቱዝ በ960ዎቹ ተጠምቆ ዬሊንግ ላይ ትልቅ ድንጋይ አቆመ። ዴንማርክንና ኖርዌይን በሙሉ ያሸነፈ፣ ዴናውያንንም ክርስቲያን ያደረገ ብሎ ራሱን አጻፈበት። ድሉና ጥምቀቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተጻፉት። በኖርዌይ ደግሞ ከኦላፍ በፊት ደጉ ሃኮን ሞክሮ አልቻለም። እንደ ሳጋው የትሮንድሄይም ገበሬዎች የፈረስ ጉበት እንዲቀምስ አስገድደውታል። ሁለተኛው ኦላፍ፣ ኦላፍ ሃራልድሶን፣ በ1030 ስቲክለስታድ ላይ ከገዛ ሕዝቡ ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ ወዲያው ቅዱስ ተባለ።

ኦላፍ ትሪግቫሶን አይስላንድን በዚሁ ያዛት?

የለም። ሸንጎው ፍርዱን ከሰጠ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ አይስላንድም በራሷ ሕግ ቀጠለች። ለኖርዌይ ንጉሥ የገባችው ከ1262 እስከ 1264 ባለው ጊዜ ነው። ያኔም ያሰናከላት ሃይማኖት አልነበረም። ጎዲነቱ ሁሉ ጥቂት ቤተሰቦች እጅ ተጠቅልሎ ገብቶ እርስ በርስ ሲተላለቁ ነው።

ቶርጌይር ጣዖቶቹን ፏፏቴ ውስጥ ጣላቸው የሚባለውስ?

ጎዳፎስ የሚባለውን ውብ ፏፏቴ የሚያስጎበኙ ሰዎች ሁሉ ይህን ይነግሯችኋል። የመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ላይ ግን የለም፤ የቆየው ዘመን ሰው አያውቀውም ነበር። ፏፏቴውን እዩት፣ ወሬውን ግን አትያዙት። የሸንጎውን ቦታ ማየት ለሚፈልግ ቲንግቬሊር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከ2004 ጀምሮም የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ሕግ አለቱ ተብሎ የሚታመነው ቦታ ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ትክክለኛው ቦታ ግን ዛሬም ያከራክራል።